እጅሽ ላይ ተቀመጪ

ወዳጆቼ፣ እስቲ የያዛችሁትን ለትንሽ ጊዜ አስቀምጡና ስሙኝ። የአንዲት ትንሽ ልጅ ነገር ነው የምነግራችሁ። ልጅ የወለደውንም ያልወለደውንም የሚያንገበግብ ነገር ነው፤ እኔ ካወቅሁት ጀምሮ ሆዴ ውስጥ አልቀመጥ ብሎኛል።

ልጅቱ ሁለተኛ ክፍል ናት። መዝገብ ላይ የሰፈረ ስም አላት፤ ግን ቁጭ ብላ ስለማታውቅ አክስቷ ድንቢጥ አለቻትና በዚያው ቀረ። አክስትየዋ ፀጉር ሠሪ ናት። ከትምህርት ቤቱ ዝቅ ብሎ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ጎን፣ ሁለት ወንበርና አንድ አሮጌ የፀጉር ማድረቂያ ካስክ ያላት ጠባብ ቤት አለቻት። ደንበኞቿ ሬዲዮ ይሏታል፤ ጠዋት ከተከፈተች ማታ በር እስክትቆልፍ አትዘጋማ። እሷም አትቀየምም። “እኔ በባትሪ አይደለም የምሠራው፣ በፈጣሪ ነው” ትላለች።

ሬዲዮ እንዲህ ተናጋሪ የሆነችው ያለ ምክንያት አይደለም። ታናሽ እህቷ፣ የድንቢጥ እናት፣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ጆሮዋ አይሰማም። ሁለቱ እህትማማቾች አንድ ብርድ ልብስ እየተጓተቱ ሲያድጉ፣ ትልቋ ለሁለት ሰው ሰማች፣ ለሁለት ሰው ተናገረች፤ ልማድ ሆኖባት ቀረ። ታናሽየዋ አሁን ላውንደሪ ውስጥ ልብስ ትተኩሳለች። እሷ የተኮሰችው ሸሚዝ ገና ከሱቅ የወጣ ይመስላል። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ የገዛ ቤቱን እንደ እንግዳ ነው የሚያየው። ስለዚህ ቤቱ የእናትና የልጅ ነው፤ አክስትየዋም የራሷን ቤት ለመኝታ ብቻ ነው የምታውቀው።

በዚያ ቤት ወሬ የሚወራው በእጅ ነው። እንዴት ያለ ወሬ መሰላችሁ። ድንቢጥ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታወርድ ትጀምራለች፤ ጣቶቿ አየር ላይ ይሮጣሉ፣ ቅንድቧ ይወጣል ይወርዳል፣ ጉንጯ ይነፋል። እናትየዋ ጀርባዋን ሰጥታ ከሆነ፣ ልጅቱ ወለሉን በእግሯ ደቃ ታደርገዋለች፤ ጣውላው ሲነዝር እናት ዞር ትላለች። ራቅ ካለች መብራቱን ብልጭ ድርግም ነው። ቀረብ ካለች ትከሻዋን መታ መታ። ሰው ሲያናግርሽ ደግሞ ዓይንሽን ፊቱ ላይ ተክለሽ ማየት ነው። ዓይን ማንሳት በሰው ፊት በር እንደ መዝጋት ነው፤ በእነሱ ቤት ከዚህ የባሰ ብልግና የለም።

ስም አወጣጣቸውም ሌላ ነው። በእጅ ቋንቋ ሰው ስም የሚወጣለት በሚታይ ነገሩ ነው። የላውንደሪው ባለቤት ቦርጭ አለው፤ ስሙ ሆድ ላይ በመዳፍ ክብ መሥራት ነው። ሰውየው ራሱ ከለመደው ቆየ፤ እንግዳ ሲመጣ ቦርጩን እያሻሸ ራሱን ያስተዋውቃል። ሬዲዮ ደግሞ አፍ ፊት ተከፍቶ የሚዘጋ እጅ ናት። “ሌላ የሚታይ ነገር አጥታችሁብኝ ነው?” ብላ አንድ ሰሞን ተቃውማ ነበር፤ ተቃውሞዋን የሰማ የለም። ዋናው ነገር ይሄ ነው፤ ስም የሚወጣው ለሚወደድ ሰው ነው። ለማይወዱት ሰው ስም ማውጣት አይለፉም።

ድንቢጥ ሁለተኛ ክፍል ስትገባ ቲቸሯን ወደደቻት። ቲቸር ወጣት ናት፣ ድምፅዋ ቀጭን፣ ጫማዋ ሁልጊዜ የተወለወለ። አገጯ ላይ ከልጅነቷ የቀረ ጠባሳ አለ። ድንቢጥ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ሌባ ጣቷን አገጯ ላይ አድርጋ ከላይ ወደ ታች ጫር አደረገችው፤ የቲቸር ስም ወጣ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት ከቲቸር ሌላ ወሬ ጠፋ። ቲቸር እንዲህ አለች፣ ቲቸር ሳቀች፣ ቲቸር ጎበዝ አለችኝ። እናትየዋ እየተኮሰች ትሰማለች፤ በዓይኗ ማለቴ ነው።

ከዚያ ግን አንድ ሰሞን የልጅቱ እጅ ዝም አለ።

መጀመሪያ ድካም መስሏቸው ነበር። ቦርሳዋን ታስቀምጣለች፣ እጇን ትታጠባለች፣ ወንበር ላይ ትወጣና ሁለት እጇን ከጭኗ ስር ወትፋ ትቀመጣለች። እናትየዋ “ዛሬ ምን ተማራችሁ?” ስትላት በአፏ ብቻ ትመልሳለች። በአፏ። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ እጇ አይወጣም። እናት ከልጇ ከንፈር ላይ ቃል ለመልቀም ትታገላለች፤ ግማሹን ታገኛለች፣ ግማሹ ያመልጣታል። የገዛ ልጇ እንደ መንገደኛ ሆነችባት።

አንድ ቀን ከሥራ በቀጥታ ወደ ሬዲዮ ቤት መጣች። አንዲት ደንበኛ ካስክ ስር ናት፤ ሌላዋ ፀጉሯ ግማሹ ተሠርቶ ግማሹ ተበትኖ ወንበር ላይ አለች። እናትየዋ መስታወቱ አጠገብ ቆመችና በእጇ ተናገረች።

“አፈረችብኝ።”

“ማን?” አለች ሬዲዮ፣ ማበጠሪያውን በጥርሷ ይዛ በሁለት እጇ።

“ልጄ። እጇን ከእኔ ደበቀች። መንገድ ላይ ልጆች ሲያዩን ቆይተው ይሆናል። የዱዳ ልጅ ብለዋት ይሆናል።”

“ማን አባቱ ነው እንዲህ ያላት?”

“አላውቅም። አትነግረኝማ። በምን ትንገረኝ?”

ወንበር ላይ ያለችው ደንበኛ በመስታወቱ ውስጥ ስታይ ቆይታ፣ “ምን አለች?” ብላ ጠየቀች።

“ፀጉርሽን ብትላጪው ያምርብሻል እያለች ነው፤ አርፈሽ ተቀመጪ” አለቻት ሬዲዮ። ደንበኛዋ ሳቀች። ሬዲዮ ግን አልሳቀችም።

ያን ቀን ማታ ሬዲዮ የድንቢጥን ፀጉር ልትሠራ ጉልበቷ መሐል አስቀመጠቻት። ልጅቱ እጇን ከስሯ አድርጋ ቁጭ አለች። አክስት ይህን አየችና ደሟ ፈላ።

“እጅሽን ምን ሆነሽ ነው የምትቀመጪበት? ቀዘቀዘሽ?”

“አይ።”

“እናትሽን ለምን አታናግሪያትም?”

“አናግራታለሁ።”

“በአፍሽ ነው የምታናግሪያት? ልጄ፣ ያቺ ሴት ቀኑን ሙሉ እንፋሎት ላይ ቆማ የምትውለው ለማን መሰለሽ? ዛሬ እሷን ታፍሪባት ጀመር?”

“ጨዋ ልጅ ልሁን ብዬ ነው” አለች ድንቢጥ ቀስ ብላ።

“እናትን ማናገር ነው እንግዲህ ብልግናው? እንዲህ ያለ ጨዋነት ከየት አመጣሽው?” አለችና ሬዲዮ ቀጠለች። ስለ እናት ውለታ ተናገረች፣ ስለ ሰው ወሬ ተናገረች፣ ፈጣሪ እናቱን የናቀ ልጅ እንደማይወድ ተናገረች። ልጅቱ ሁለት ጊዜ አፏን ከፍታ ነበር። ሬዲዮ ስትናገር ግን መስማት የሚባል ነገር የላትም፤ ጣጣዋ ይኸው ነው። ፀጉሩ ተሠርቶ ሲያልቅ ልጅቱ እንባዋን በትከሻዋ ጠርጋ ሄዳ ተኛች። በትከሻዋ፤ በእጇ አይደለም።

ከሳምንት በኋላ ይመስለኛል፣ ድንቢጥ ቤት የመጣችው የራሷ ያልሆነ ሰፊ የስፖርት ቁምጣ ለብሳ ነው። ቀሚሷ በላስቲክ ታስሮ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። ከበስተጀርባዋ ሦስት አራት ልጆች እስከ መታጠፊያው ድረስ አፍንጫቸውን ይዘው ተከትለዋታል። እሷ ዞር ብላም አላየቻቸው። ወዲያው የሬዲዮ ስልክ ጮኸ። የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ናት።

“የልጅቱ ወላጅ ነሽ?”

“አክስቷ ነኝ።”

“የምንፈልገው ወላጅ ነው። ስልኩን ለእናቷ ስጪያት።”

“እናቷ ስልክ አትሰማም።”

“ለምን አታነሳም?”

“ማንሳቱንማ ታነሳለች፣ እህቴ። ጆሮዋ ነው የማይሰማው።”

ጸሐፊዋ ወደ ጉዳይዋ ገባች። “ለማንኛውም ነገ ጠዋት ዳይሬክተር ዘንድ ትቅረብ። ልጅቱ ክፍል ውስጥ ሽንቷን ለቃዋለች። በዚህ ዕድሜዋ። ችግር አለባት፣ ሐኪም ሳያያት ክፍል አናስገባም።”

ያን ሌሊት እናትየዋ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ልጄ ታመመች አለች። ሬዲዮ በበኩሏ ያንን ሁሉ ስብከት አስታወሰችና ምላሷን መንከስ አማራት።

ጠዋት ሁለቱም የሥራ ልብሳቸውን ለውጠው፣ ድንቢጥን ይዘው ሄዱ። የዳይሬክተሩ ቢሮ ፊት ለፊት ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ። ከበላዩ ግድግዳው ላይ በትልልቅ ሰማያዊ ፊደል “እዚህ ሁሉም ልጅ ይደመጣል” ተብሎ ተጽፏል። ሬዲዮ አነበበችና ለእህቷ በእጇ ነገረቻት። እናትየዋ ራሷን ነቅነቅ አደረገች፤ ደስ ያላት መሰለች።

ዳይሬክተሩ በሩን ከፈተ። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ሰውነቱ የደላ፣ ድምፁ ሰልፍ ላይ የሚናገር ድምፅ ነው። “እናት ትግባ” አለ። ሬዲዮም ተነሣች። “አንቺ አይደለሽም። የወላጅ ስብሰባ ነው።”

“ታዲያ በምን ልትግባቡ ነው፣ ጌታዬ? እኔ እኮ የማስተረጉምላት ነኝ።”

“ልጅቱ አለች አይደል እንዴ? በእጅ ማውራቱን እንደሆነ ታውቅበታለች።”

እናትየዋንና ድንቢጥን አስገባና በሩን ገፋው። በሩ አልገጠመም፤ እጅ የሚያስገባ ክፍተት ቀረ። ሬዲዮ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ለአንድ ጊዜ በሕይወቷ ዝም ብላ ሰማች።

“ነይ፤ እዚያ ተቀመጪ” አለ ዳይሬክተሩ ለድንቢጥ። ቲቸርም ውስጥ ነበረች፤ የጫማዋ ድምፅ ተሰማ። “በይ ለእናትሽ ንገሪያት። ክፍል ውስጥ ሽንቴን ለቀቅሁ በያት።”

ዝም።

“ንገሪያት እንጂ። ሌላ ጊዜ እጅሽ አያርፍም፣ ዛሬ ምን ነካሽ?”

ዝም።

“አየሽ፣ ቲቸር? እልኸኛ ናት ያልሽው ልክ ነው።”

ከዚያ የድንቢጥ ድምፅ መጣ፤ ቀጭን፣ ጨዋ፣ ልክ ልጆች ፈተና ላይ እንደሚጠይቁት። “ቲቸር፣ እጄን ላንሳ?”

ሬዲዮ በሩን እንዴት እንደከፈተችው አታውቅም። ከገባች በኋላ ያየችው ይህንን ነው። ልጅቱ እግሯ መሬት የማይደርስበት የፕላስቲክ ወንበር ላይ፣ ሁለት እጇን ከስሯ አድርጋ ተቀምጣለች። ትከሻዋ ወደ ላይ ተሰቅሏል። ዓይኗ ቲቸር ላይ ነው፤ ፈቃድ ትጠብቃለች። እናትየዋ መሐል ቆማ ከዚህ አፍ ወደዚያ አፍ ዓይኗን ታንከራትታለች።

“ምን አለች?” አለች እናትየዋ በእጇ፣ እህቷን እንዳየች።

ሬዲዮ ቃል አጥታ አታውቅም ነበር። ያን ጊዜ አጣች። ጣቶቿ አንዴ ተነሡና ወደቁ። ከዚያ እንደምንም ነገረቻት፤ “እጄን ማንሳት ይፈቀድልኛል ወይ ብላ ቲቸሯን እየጠየቀች ነው።”

እናትየዋ ልጇን አየች። የተወተፉትን እጆች አየች። ቤት እንደሚቀመጡት ነው የተቀመጡት፤ ልክ እንደዚያው። ፊቷ ላይ መጀመሪያ የመጣው ቁጣ አይደለም። ልጄ አላፈረችብኝም የሚል ነገር ነው የመጣው። ቁጣው ከኋላው ደረሰ።

“ከመቼ ጀምሮ ነው? ጠይቂያት።”

ሬዲዮ ጠየቀች። ድንቢጥ በአፏ መለሰች፤ “የቲቸርን ስም ለልጆቹ ካሳየኋቸው ጀምሮ። ልጆቹ ሳቁ፣ ቲቸር ደግሞ ተናደደች። ጨዋ ልጅ እጇ አይታይም፣ እጅሽ ላይ ተቀመጪ አለችኝ። ማታም እንድለምደው ብዬ ነው።”

“ትናንት ታዲያ ሽንት ቤት እሄዳለሁ አትይም ነበር?” አለች ሬዲዮ።

“ለመጠየቅ እጅ ማውጣት ነው።” ልጅቱ ይህንን እንደ ተራ ነገር ነው የተናገረችው፤ የመደመር ስሌት እንደምታስረዳ። “ሳናወጣ መናገር አይፈቀድም። እኔ ደግሞ ቲቸር አንሺ ካላለችኝ አላነሳም። ጠበቅኋት። ግን ረሳችኝ።”

እስቲ አስቡት። የሰባት ዓመት ልጅ ሁለቱንም ሕግ አክብራ ነው ልብሷ ላይ የሸናችው። አንዱን ብትጥስ ኖሮ ሽንት ቤት ትደርስ ነበር። ችግር አለባት፣ ሐኪም ትታይ የተባለችው እሷ ናት።

ቲቸር ፊቷ ቀልቶ ነበር። “አገጬን እየነካካች ክፍሉን በሙሉ ስታስቅብኝ ምን ላድርግ? ጠባሳዬን እኮ ነው። እኔም ልጅ ሳለሁ በዚህ ጠባሳ ስንቱን ቻልኩ።”

እናትየዋ የዚያን ትርጉም ስታገኝ እጇ ቀስ አለ። ሬዲዮ እየተከተለች ተናገረችላት። “ስምሽ ነው። በእኛ ቤት ስም የሚወጣው እንዲህ ነው። ከገባች ጀምሮ በየማታው ስምሽን ስትጠራ ነው የምታመሸው። አንቺን ወዳ ነበር። ልጆቹ የሳቁት ስለማያውቁ ነው፤ አንቺም ስለማታውቂ ነው። ግን አንቺ አዋቂ ነሽ፤ ይሄ ምንድነው ብለሽ ልትጠይቂያት ትችይ ነበር።”

“ይሄ ሁሉ ዝርዝር አያስፈልግም” አለ ዳይሬክተሩ። “እዚህ ሕግ ለሁሉም እኩል ነው። ለአንድ ልጅ ብለን ልዩ ሕግ አናወጣም።”

የእናትየዋ እጅ ፈጠነ፤ የሬዲዮም አፍ ፈጠነ። “እኩል ካሉ እንግዲህ የሌሎቹንም ልጆች አፍ በፕላስተር ይዝጉ። የኔ ልጅ አፏ ሁለት ነው። አንዱ ከእናንተ ጋር የምታወራበት ነው፣ አንዱ ከእኔ ጋር። የዘጋችሁት የእኔን ነው።”

ዳይሬክተሩ ሬዲዮን ገላመጣት። “የምትይው የእሷን ነው የራስሽን?”

“እስካሁን የእሷን ነው፣ ጌታዬ። የእኔ ሲመጣ ያውቁታል።”

“አስተርጓሚ ከሆንሽ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ።”

“እንግዲያው አሁን የእኔ ነው” አለች ሬዲዮ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። “ይህን እጅ ስትናገርበት ጥፋት ነው አላችሁ። ስትከሷት ደግሞ ያንኑ እጅ አስተርጓሚ አደረጋችሁት። በገዛ እጇ ሸናሁ ብላ ለእናቷ እንድትናገር። የተማረ ሰው እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ያስባል? እኔን በር ላይ ያስቀመጡኝ ሕፃኗ የራሷን ውርደት እንድትተረጉም ነው? ፈጣሪን አይፈሩም?”

ዳይሬክተሩ ሰዓቱን አየ። ነገሩ በስብሰባ እንደሚታይ ተናገረ፤ ውጭ የሚጠብቁት ሌሎች ባለጉዳዮች እንዳሉም ተናገረ። አንድ ነገር ግን አልተናገረም፤ ወደ ልጅቱ ዞር ብሎ አንዲት ቃል አላወጣም።

ቲቸር ነበረች ወንበሩ አጠገብ በርከክ ያለችው። “እጅሽን አንሺ” አለች፤ ድምፅዋ ከድንቢጥ ድምፅ አይበልጥም ነበር። ልጅቱ እጆቿን አወጣቻቸው። መዳፎቿ ላይ የወንበሩ ቀዳዳዎች ታትመው ነበር። እናትየዋ ሁለቱን ይዛ አሸቻቸው፣ እፍ አለችባቸው። ስትለቃቸው ግን ልጅቱ መልሳ ጉልበቶቿ መሐል ደበቀቻቸው።

እጅሽን አንሺ ሲባል የሚነሣ ከሆነማ ምን ችግር ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፍል ውስጥ እጅሽ ላይ ተቀመጪ ያላት የለም። ቤት ውስጥ ግን ያው ነው። ሐኪምም ታየች፤ ሐኪሙ ጤነኛ ናት አለ። እናትየዋ አላስገደደቻትም። ከሥራ ስትመለስ የራሷን ቀን በእጇ ትነግራታለች፤ ስለ ተቃጠለ አንገትጌ፣ ኪስ ውስጥ ስለተረሳ ማበጠሪያ። ልጅቱ አንገቷን እየነቀነቀች ታያለች፣ ፈገግ ትላለች፣ መልሱን በከንፈሯ ታደርገዋለች። ሌሊት ሌሊት እናትየዋ ትጸልያለች። የምትለምነው አንድ ነገር ነው፤ ልጄን መልስልኝ።

ሬዲዮም ድምፅዋ ቀነሰ። ያንን የፀጉር ሥራ ምሽት ስታስታውስ ማበጠሪያው እጇ ላይ ይቆማል። “ሬዲዮው ምን ነካው፣ ተበላሸ እንዴ?” አሉ ደንበኞቹ። “ጣቢያው እየሰማ ነው” አለቻቸው፤ ሌላ ነገር አልጨመረችም።

አንድ የዕረፍት ቀን ከሰዓት በኋላ የእናትየዋ ቤት በር ተንኳኳ። ሬዲዮ ከፈተች። ቲቸር ናት፤ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ።

“ማነው የላከሽ?” አለቻት ሬዲዮ ከበሩ ሳትነቃነቅ። “ዳይሬክተርሽ ነው?”

“ማንም አልላከኝም። እሱም መምጣቴን አያውቅም። አስተርጉሚልኝ አልልሽም፤ ራሴ ልሞክረው።”

ገባች። ድንቢጥ ሮጣ አክስቷ ጀርባ ተደበቀች። እናትየዋ የምትተኩሰውን ትታ ቆመች። ቲቸር ቦርሳዋን አስቀመጠች፣ ቀሚሷን አስተካከለች፣ ከዚያ እጇን አንሥታ አንድ ነገር አደረገች። ከስልክ ላይ አይታ ስትለማመድ የሰነበተች መሆኗ ያስታውቃል፤ ከንፈሯን ነክሳ፣ ዓይኗን አፍጥጣ። የሚመስለው ግን ዝንብ የሚያባርር ሰው ነው። እናትየዋ በትሕትና ጠበቀች። ቲቸር ደገመችው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ባሰ።

“ምን እያልሽ ነው?” አለች ሬዲዮ።

“ይቅርታ።”

“ወይ ጉድ። እንዲያ ነው የሚመስለው?”

ቲቸር ለሦስተኛ ጊዜ ሞከረች። ከሬዲዮ ቀሚስ ኋላ አንድ ጭንቅላት ብቅ አለ። ድንቢጥ አንዴ ቲቸርን፣ አንዴ እናቷን ታያለች። የልጅ ነገር ታውቃላችሁ፤ የምታውቀው ነገር ፊቷ ሲበላሽ መቻል አትችልም። እግሯን አፈራረቀች፣ ቁና ቁና ተነፈሰች፣ በመጨረሻ አላስቻላትም።

“እንደሱ አይደለም፣ ቲቸር።”

ወጣች። የቲቸርን እጅ ያዘች፣ የተጨበጠውን ፈታችው፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ አስተካከለች፣ ክንዷን ዝቅ አደረገችላት። ቲቸር ደገመች፤ አሁንም ተበላሸ። “አይ፣ አይ፣ እዪኝ” አለችና ድንቢጥ ራሷ አሳየቻት። በራሷ ሁለት እጆች። ቀስ ብላ አንዴ፤ ከዚያ ፈጠን አድርጋ።

እናትየዋ አልተንቀሳቀሰችም። ድንቢጥ ወደ እሷ ዞረችና፣ መምህር ስለ ሰነፍ ተማሪ እንደሚናገር ፊቷን ኮስተር አድርጋ፣ በእጇ አለቻት፤ “ጀማሪ ናት። ታገሻት።”

እናትየዋ ሳቀች። ድምፅ ያለው፣ የማይለካ፣ እሷ ራሷ የማትሰማው ሳቅ ነው የሳቀችው። ከዚያ ግን ፊቷ መልሶ ጠነከረና ለቲቸር በእጇ ተናገረች፤ ሬዲዮም ሳትጨምር ሳትቀንስ አቀረበችላት። “ይቅርታሽን አይቻለሁ። ግን ባለቤቷ እኔ አይደለሁም። ለእሷ በያት፤ ያውም እዚህ አይደለም። የሳቁባት ልጆች ፊት፣ ያ ወንበር ያለበት ቦታ።”

ቲቸር ወለሉን አየች። ከባድ ነው፤ ከባድ መሆኑ ልክ ነው። “ሰኞ” አለች።

ሰኞ አደረገችው። የልጆቹን ሳቅ አስቁማ፣ በእጇም በአፏም አደረገችው። ድንቢጥ ያን ቀን ቤት ስትገባ ቦርሳዋን ሳታወርድ ወለሉን ደቃ አድርጋ እናቷን ጠራቻት፤ ወሬው እራት እስኪቀርብ አላለቀም። እናትየዋ አንድ ሸሚዝ አቃጠለች፤ ዓይኗን ከልጇ ማንሳት አቅቷት።

ዳይሬክተሩስ ብትሉኝ፣ እስከ ዛሬ አንዲት ቃል አልወጣውም። ስብሰባውም አልተሰበሰበም። ሬዲዮ በሳምንት አንድ ቀን ቢሮው ፊት ያለው አግዳሚ ላይ ሄዳ ትቀመጣለች፤ ወይ ልጅቱን ይቅርታ ይጠይቃት ወይ እዚያው አረጃለሁ ብላለች። ይሰለቻታል የሚል ካለ ሬዲዮን አያውቃትም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ይቺ ልጅ ተናጋሪ አክስት ነበራት፤ ተነሥታ የምትቆም እናት ነበረቻት። የሌላት ልጅስ? ቤቷ ሌላ ወግ፣ ሌላ ቋንቋ፣ ሌላ ሕመም ያለባት፣ ጨዋ ለመባል ራሷን ደብቃ ከኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ያለች ልጅ? ፈጣሪ ያያታል። እኛስ?

ስለዚህ አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። ዛሬ ልጃችሁ ወይ የልጅ ልጃችሁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ፣ ውጤቱን ከመጠየቃችሁ በፊት፣ ክፍላችሁ ውስጥ የማያወራ ልጅ ማነው ብላችሁ ጠይቁልኝ። ስም ከነገራችሁ፣ ነገ ጠዋት ያ ልጅ ምን ሆነ ብላችሁ እስከ ክፍሉ በር ድረስ ሂዱልኝ።